ሻጩ የሚያሳያችሁ የዊንዶውስ ገጽ ምን ያህል ይታመናል?

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ የሚከፍትላችሁ ገጽ አለ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት። የፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ሁሉም እዚያ አለ። ግን ብዙ ሰው አጣሞ ያነበዋል።

«ዊንዶውስ ራሱ ካለ አለቀ» ይላሉ። አላለቀም። ፕሮሰሰሩ ስሙን 48 ባይት በሆነች አጭር ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ያነባትና ሪጂስትሪ በሚባለው የራሱ መዝገብ ላይ ያስቀምጣታል፣ ለእናንተም የሚያሳየው ከዚያ ያገኘውን ነው። ሪጂስትሪውን መንካት የሚችል ሰው ደግሞ በአንድ ደቂቃ «ኮር አይ9» ብሎ የኢንቴልን ውድ ፕሮሰሰር ስም ይጽፍበታል። ሪስታርት ሲደረግ እውነተኛው ስም ይመለሳል፣ ሻጩ በየማስነሻው የሚቀይር ነገር ካልደበቀበት በስተቀር። ስለዚህ ሳታፍሩ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን የራሱን ገጽ) እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ባዮስ የዊንዶውስን ሪጂስትሪ አያይም።

«ኮር አይ7 ምንጊዜም ከኮር አይ5 ይበልጣል።» በዚህ እኔም ተሸውጃለሁ፤ ስቲከሩን አይቼ ብቻ ከፈልኩ። የ2011ዱ አይ7-2620ኤም 2 ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፣ የ2017ቱ አይ5-8250ዩ ግን 4። ከሰረዟ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ፦ 2620 ሁለተኛ ትውልድ፣ 8250 ስምንተኛ ነው። ከአስረኛው እስከ አስራ አራተኛው ትውልዱ በሁለት አሃዝ ይጻፋል።

«2.4 ጊጋኸርዝ በ4 ኮር 9.6 ነው» የሚልም አለ። አራት ሰው በሰዓት አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ቢራመድ ሃያ ኪሎ ሜትር ደረሱ ይባላል እንዴ? ከስሙ ጎን ያለው ፍጥነት ደግሞ መነሻው ነው፤ ታስክ ማናጀር ላይ ከዚያ በላይ ብታዩ ቱርቦው (ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን የሚጨምረው) ስለሰራ ነው።

በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ኡቡንቱ ሊያወርዱ ሲሉ ፋይሉ ላይ «ኤኤምዲ64» የሚለውን አይተው «የኔ ኢንቴል ነው፣ አይሆነኝም» ብለው የሚተዉም አሉ። ይሆናል። ይህን ባለ 64 ቢት አሠራር በ2003 ቀድሞ ገበያ ያወጣው የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ነው፤ ኢንቴል ተከተለው፣ ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

«8 ጊጋ ራም አለው፣ ግን 3 ምናምኑ ብቻ ነው የሚሰራው» ከተባላችሁ ራሙን ተበላሸ ብላችሁ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ እዚያው ገጽ ላይ «32 ቢት» የሚል ካለ እዩ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ የተጫነበት ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ፣ ከ4 ጊጋ በላይ ራም መጠቀም ስለማይችል መፍትሔው 64 ቢቱን መጫን ነው።