ቫርና ሌላ፣ ጃቲ ሌላ

«ሂንዱዎች አራት ካስት (በትውልድ የሚወረስ መደብ) አላቸው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ነገሩ ተምታቷል። አራቱ ቫርና ይባላሉ፦ ብራህሚን (ካህን)፣ ክሻትሪያ (ገዥና ተዋጊ)፣ ቫይሽያ (ነጋዴና ገበሬ)፣ ሹድራ (አገልጋይና ሠራተኛ)። ዳሊቶች፣ ማለትም «አይነኩም» ተብለው የተገለሉት፣ ከአራቱም ውጭ ተደርገው ኖረዋል። «ካስት» ከፖርቱጋልኛ የመጣ ቃል ነው፤ ቫርናንና ጃቲን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው።

ኑሮ ላይ የሚታየው ግን ጃቲ ነው። ሰው የሚወለድበት፣ ብዙውን ጊዜም የሚያገባበት ወገን ነው። ቁጥሩ በሺዎች ነው። ለምሳሌ በሰሜን ሕንድ ኩምሃር የሸክላ ሠሪዎች ጃቲ ነው። ልጁ ጭቃ ነክቶ ባያውቅ፣ ባንክ ቢሠራም ያው ኩምሃር ነው። ሚስት ሲፈለግለት ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ከኩምሃር ቤት ይጀምራሉ።

የትኛው ጃቲ በየትኛው ቫርና ይመደባል? እንደየአካባቢው ይለያያል፤ ያጣላልም። ሕጉ ላይ ግን ብዥታ የለም፦ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 17፣ ሰውን «አይነካም» ብሎ ማግለልን ሽሯል።