ነፃ የኢንተርኔት መገልገያዎች በአዲስ አበባ ዳር

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። በነዚህ የከተማዋ ጫፍ ሰፈሮች አዲስ አፕ ወይም ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ በጉግል ተፈልጎ አይገኝም። ሰው ነው የሚያመጣው። አንዱ መሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ላይ ያወርድና ማታ ለጎረቤቱ በዜንደር ያሳልፋል፣ ወይም የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፤ ውሃ መቼ ይመጣል በሚለው ጥያቄና በኮሚቴው የመዋጮ ማስታወቂያ መሃል የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ፒዲኤፍ ተሰክቶ ብታገኙ አይግረማችሁ። ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ስለሚያስተላልፍ ሙሉ መጽሐፍ ቀርቶ የቪዲዮ ትምህርትም ይሄድበታል።

ግን ነፃ ሲባል ዳታውን ማን ይከፍላል? ለዚህ ነው አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ከሁሉም የሚበልጠው። ኪዊክስ አንዱ ነው። ዊኪፒዲያን ሙሉውን ወይም በከፊል አውርዶ ስልክ ላይ ማንበብ ያስችላል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይዝም። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሠራው ፌት (PhET) አለ፤ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነው። ተማሪው አምፖልና ባትሪ በሽቦ እያገናኘ ይሞክራል፣ ቢያቃጥልም ማንም አይቆጣውም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ? ተማሪ በፍላሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ያመጣል፣ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጽሑፉ አልጠፋም። በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፣ የድሮዎቹ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሊያነበው አይችልም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነቡ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሁንም በድሮው የሚጽፍ ሰው አለ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ኪይማን የተባለው መጻፊያ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች፣ ሰነድ ማዘጋጃው ሊብረኦፊስ፣ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከነቫይረሱ ከመጫን ይሄ በስንት ጣዕሙ!

ለዳር ሰፈር ነዋሪ ኦፕንስትሪትማፕም ሳይጠቀስ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ካርታ ነው፣ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ሊያርመው ይችላል። አዲስ አስፋልት ተነጥፎ፣ ብሎክ ቁጥር ወጥቶ፣ ካርታው ላይ ግን ገና እርሻ ከሆነ ራሳችሁ ትጨምሩታላችሁ ማለት ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ይህንኑ ካርታ ያለ ዳታ ያሳያል። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ «ከታንከሩ ታጠፍ» እየተባለ በስልክ ከሚንከራተት ቢይዘው ይሻለዋል።

ኮርስ ለሚፈልግ ካን አካዳሚ አለ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጣል። እንግሊዝኛው ግን ይፈትናል።

«30 ጂቢ ነፃ፣ ለአስር ሰው ላክ» የሚለውን ሊንክ እለፉት። ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ለመልቀም የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ከዘመድ ቢመጣም ያው ነው፣ ዘመድም ሳያጣራ ነው የላከው። ግሩፑ ላይ የቆየ ሊንክ ተጭናችሁ ገጹ የለም ካለ ደግሞ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። አድራሻውን ኮፒ አድርጋችሁ የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ለጥፉት፣ የድሮው ቅጂ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።