በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቼክ ቦክስ ምንድን ነው?

«ሠንጠረዡ ውስጥ 2000 ቼክ ቦክስ ስላስገባሁ ነው ፕሮግራሙ የከበደው» ያለኝ ወጣት ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ አጋጠመኝ። ቼክ ቦክስ ማለት ጠቅ ሲደረግ ምልክት የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነው። ይህን አነጋገር መስማት ሰልችቶኛል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እንዲህ ብሎ ያስተማረው ሰው ግን በድሎታል።

እዚያ ውስጥ 2000 ቼክ ቦክስ የለም። የሠራበት ጄቴብል፣ ማለትም በጃቫ ቋንቋ የፕሮግራም መስኮቶችን ለመሥራት የሚያገለግለው የስዊንግ ሠንጠረዥ፣ ለዓምዱ ያለው ሰዓሊ አንድ ብቻ ነው። በየረድፉ ያንኑ ሰዓሊ እየጠራ «እዚህ ያለው ዋጋ እውነት ነው፤ ሣለው» ይለዋል። ዋጋ የምለው በሕዋሱ የተመዘገበውን ነው፤ እውነት ከሆነ ሳጥኑ ምልክት ይኖረዋል፣ ሐሰት ከሆነ ባዶ ይሆናል። የምናየው ሥዕሉን ነው። ጠቅ ስናደርግ ብቻ አንድ አርታኢ፣ ማለትም ዋጋውን የሚያስለውጠው ክፍል፣ ለአፍታ ቦታውን ይይዝና ሥራውን ሲጨርስ ይነሣል። የልጁን ፕሮግራም ያከበደው በእያንዳንዱ ጠቅታ መላውን ሠንጠረዥ ከመረጃ ቋቱ እንደ አዲስ መጫኑ ነበር።

የቡና መጋዘን አስቡ። መዝገቡ በሒሳብ ያዡ እጅ ነው፤ ጠመኔ የያዘ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ከመዝገቡ እየተነበበለት በየጆንያው ላይ ምልክት ያደርጋል። ጠመኔውን በእጃችሁ ብታብሱት መዝገቡ አይለወጥም፤ ሠራተኛው ተመልሶ ሲያልፍ ያንኑ ይጽፈዋል። «ምልክት አድርጌ፣ ወደ ታች ወርጄ ስመለስ ጠፍቶ አገኘዋለሁ» የሚል ሰው የነካው ጠመኔውን ነው። ዋጋ ሲለወጥ ሠንጠረዡ የሚጠራው ሴት ቫልዩ አት የተባለው የፕሮግራም ዘዴ አዲሱን ዋጋ በሞዴሉ፣ ማለትም እንደ መዝገቡ መረጃውን በሚይዘው ክፍል፣ ውስጥ ማስፈር፣ ለውጡንም ለሠንጠረዡ ማሳወቅ አለበት። ጆንያዎቹ በሌላ ቅደም ተከተል ቢደረደሩም የመዝገቡ ተራ ቁጥር ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ሠንጠረዡን ከደረደረ በኋላ በዓይን የሚታየው ሦስተኛ ረድፍ የሞዴሉ ሦስተኛ ረድፍ ላይሆን ይችላል።

«በየረድፉ የመዳፊት ጠቅታን ማዳመጥ ይበቃል» ሲሉ የሰማኋቸው ባለሙያ አሉ። አይበቃም። በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራውን ጸሐፊ ረስተውታል፤ ከመዝገቡ ይልቅ የጠመኔውን ድምፅ እያዳመጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ከዶት ኔት 2.0 (ከማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) ጋር የመጣው ዳታግሪድቪው የተባለው ሠንጠረዥ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ምልክቱ ወዲያው ቢታይም ዋጋው የሚጸናው ተጠቃሚው ሕዋሱን ለቆ ሲሄድ ነው። ሒሳብ ያዡ ቀጣዩ ጆንያ ዘንድ እስኪደርስ ብዕሩን አንሥቶ እንደመቆየት ነው። ምልክት የተደረገባቸው ጆንያዎች ድምር ሁልጊዜ በአንድ ጠቅታ ወደ ኋላ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕዋሱ ገና ያልጸና ለውጥ እንዳለው የሚያሳውቀው ከረንት ሴል ደርቲ ስቴት ቼንጅድ የተባለው ክስተት ሲነሣ፣ ለውጡን ወዲያው የሚያጸናውን ኮሚት ኤዲትን መጥራት ያስተካክለዋል።

በደብልዩ ፒ ኤፍ፣ በሌላው የማይክሮሶፍት የመስኮት መሥሪያ፣ እውነተኛ ቼክ ቦክሶች እንደሚፈጠሩ አልክድም። እነርሱም ቢሆኑ በተለመደው አሠራር የሚፈጠሩት በማሳያው ላይ ለሚታዩት ረድፎች ነው፤ ተጠቃሚው ወደ ታች ሲወርድ እነዚያው ሌላ ረድፍ ያገለግላሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመረጃ ቋት ውስጥ «እውነት» እና «ሐሰት» ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ምንም ያልተሞላ ቦታም አለ። ስዊንግ ያልተሞላውንም ሐሰቱንም ባዶ ሳጥን አድርጎ ይሥላቸዋል። «ጥራቱን አላለፈም» እና «ገና አልተመረመረም» አንድ መልክ ይይዛሉ ማለት ነው፤ ለቡናው ባለቤት ደግሞ የሁለቱ ልዩነት የዓመት ልፋት ነው። እኔ እንዲህ ባለው ዓምድ ላይ ቼክ ቦክስ አላስቀምጥም፤ ሦስቱን ምርጫዎች በቃል ጽፌ በዝርዝር አቀርባለሁ።