ኤዲተሩ በቀይ ያሰምራል፣ ቢልዱ ያልፋል፦ የቱን እንመን?

አዳማ ውስጥ ኮድ ከሚጽፉ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ኤዲተር ኮዱን የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው፤ ቢልድ ደግሞ የጻፍነውን ለሥራ ዝግጁ የሚያደርገው ሂደት። መልሱን የሚያበላሹት ጥቂት የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

«ቢልዱ ካለፈ ኤዲተሩ ተሳስቷል።»
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የቢልድ መሣሪያው ቪት ታይፕስክሪፕትን (ታይፕ የተጨመረበትን ጃቫስክሪፕት) ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀይራል እንጂ ታይፕ፣ ማለትም ዳታው ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ አይመረምርም። ዋጋ በቁጥር ለሚቀበል ፋንክሽን «መቶ ብር» የሚል ጽሑፍ ስጡት። ኤዲተሩ ቪኤስ ኮድ ወዲያው ያሰምርበታል፤ ቪት ግን ምንም ሳይል ያሳልፈዋል። ከዚያ ሂሳቡ የሚበላሸው ደንበኛው ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ከቢልዱ በፊት የታይፕስክሪፕት ኮምፓይለሩን በኖ-ኤሚት (tsc --noEmit) አስሩጡት። ፋይል ሳያወጣ ይመረምርላችኋል።

«አንድ ኮምፒውተር ላይ ስላሉ ቨርዥናቸው አንድ ነው።»
አይደለም። ቪኤስ ኮድ የራሱን ታይፕስክሪፕት ይዞ ይመጣል፤ ፕሮጀክታችሁ ደግሞ ሌላ ሊኖረው ይችላል። የታይፕስክሪፕት ፋይል ከፍታችሁ ኮማንድ ፓሌት (የኤዲተሩ ትእዛዝ መፈለጊያ) ላይ «ሴሌክት ታይፕስክሪፕት ቨርዥን» በሉና የወርክስፔሱን፣ ማለትም የፕሮጀክታችሁን፣ ምረጡ። ጃቫም ላይ ያው ነው። ኤዲተሩ በአንድ ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል)፣ ተርሚናል ላይ ያለው የቢልድ መሣሪያ ግሬድል በሌላ ሊሠሩ ይችላሉ። ግሬድልን ቨርዥኑን ስትጠይቁት የሚሠራበትን ጄቪኤምም (ጃቫን የሚያስኬደውን) አብሮ ይነግራችኋል።

«ግራ ሲገባ ኖድ ሞጁልስን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው።»
ኖድ ሞጁልስ ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸው የወረዱ ላይብረሪዎች ፎልደር ነው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ልጅ ይህን ምክር መስጠት ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ ፋይል እንደገና ማውረድ ዳታውን ይጨርስበታል፤ የቨርዥኑ ልዩነት ግን እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ኮማንድ ፓሌት ላይ «ሪስታርት ቲኤስ ሰርቨር» በሉ፤ ታይፕ የሚመረምረውን የኤዲተሩን ክፍል እንደገና ያስነሳዋል። አንድ ሜጋባይት አይበላም።

«ፎርማተርና ሊንተር መጣላታቸው አይቀርም።»
ይቀራል። ፎርማተሩ ፕሪቲየር የኮዱን ቅርጽ ይያዝ፣ ሊንተሩ ኢኤስሊንት ስህተቱን ይፈልግ። ኢኤስሊንት ራሱ በ2023 የቅርጽ ሕጎቹን ጡረታ አውጥቷቸዋል። የቀረውን ግጭት ኢኤስሊንት-ኮንፊግ-ፕሪቲየር የሚባለው ቅንብር ያጠፋዋል።

«ሴቭ አድርጌ ዌብፓክ ካልነቃ ኮዴ ላይ ችግር አለ።»
ኮዱ ምንም ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ኤዲተሮች ሴቭ ሲያደርጉ በአሮጌው ፋይል ላይ አይጽፉም፤ አዲስ ፋይል ጽፈው በስሙ ይተኩታል። ለውጥ የሚጠብቀው የቢልድ መሣሪያ ዌብፓክ ያኔ ፋይሉ ሊጠፋበት ይችላል። መፍትሔው ቪም የሚባለው ኤዲተር ላይ ባክአፕኮፒ የተባለውን ምርጫ «የስ» ማድረግ፣ ጄትብሬንስ ኤዲተሮች ላይ ደግሞ ሴቭ ከማድረግ በፊት ባክአፕ የሚይዘውን ምርጫ ማጥፋት ነው።