መንገድ ዳር ሲሠሩ መኪና የሚገጫቸው ሠራተኞች

ሥራ ቦታቸው አስፋልት የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው። መንገድ የሚጠግኑ፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ጎሚስታዎች፣ የተበላሸ መኪና ሥር የሚገቡ ረዳቶች። ከሁሉም በላይ ግን የከተማ ጽዳት ሠራተኞች።

አዲስ አበባን የሚጠርጉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሥራ የሚገቡት ገና ሳይነጋ ነው፤ መንገዱ ጭር ስለሚል ያ ሰዓት ደግሞ ሹፌሩ ነዳጅ የሚረግጥበት፣ ሲጠጣ ያደረውም ወደ ቤቱ የሚበርበት ነው። ቆሻሻው የሚጠራቀመው የአስፋልቱ ጠርዝና አካፋዩ ሥር ስለሆነ ጠራጊዋም እዚያው ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ከአቧራ በሻሽ ሸፍና፣ ብዙ ጊዜ ለሚመጣው መኪና ጀርባዋን ሰጥታ ትሠራለች። አንጸባራቂ ሰደርያ ይረዳል። ግን በአቧራ ከደበዘዘ ምን ዋጋ አለው? ሹፌሩ ሰው መኖሩን ማወቅ ያለበት ከሩቅ ነው፤ ኮንና ምልክት ቀደም ብሎ መቀመጥ አለበት።

በጅቡቲ መስመር መኪና ሲቆም ሹፌሮች ድንጋይና ቅርንጫፍ ከኋላ ይደረድራሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መኪናው ሲነሳ ድንጋዩ እዚያው ሲቀር ግን ለሌላው አደጋ ይሆናል።

እኔን የሚያንገበግበኝ አመዘጋገቡ ነው። የትራፊክ አደጋ ተጎጂ ወይ ሹፌር፣ ወይ ተሳፋሪ፣ ወይ እግረኛ ተብሎ ይመዘገባል። መጥረጊያ ይዛ የተገጨችው ሴት እግረኛ ሆና ትቀራለች፤ እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች! ይህ ተራ ነገር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ሌላ ሰው ያደረሰበት ጉዳትም የሥራ አደጋ ነው፣ አሠሪው ባያጠፋም ይጠየቃል። ለጊዜው መሥራት ላቃተው ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል።

ከመኪናው በኩል ደግሞ በአዋጅ 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ገጪው አምልጦ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ጥያቄው ለመድን ፈንድ ይቀርባል።

ችግሩ የሚከብደው በማኅበር ተደራጅተው ወይም በንዑስ ተቋራጭ ሥር በቃል ስምምነት የሚሠሩት ላይ ነው። እነሱ ጋ አሠሪው ማን እንደሆነ ራሱ ያከራክራል። ስለዚህ ጠራጊዋ ስትገጭ የሥራ ባልደረቦቿ ያኔውኑ ስማቸውን ለምስክርነት ያስመዝግቡ፣ የፖሊስ ሪፖርቱም ላይ ሥራ ላይ እንደነበረች በግልጽ ይጻፍ።