በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ወረቀት ላይ «ኖርማል ሳይነስ ሪትም» ሲባል

የልብ ምቱ ሥርዓት መደበኛ ነው ማለት ነው። ሳይነስ የሚለው ቃል እዚህ ከአፍንጫው ሳይነስ ጋር ግንኙነት የለውም። በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን፣ የልብ ምትን የሚያስጀምረውን የሴሎች ስብስብ ያመለክታል። ኤሌክትሪኩ ከዚያ ተነስቶ የላይኞቹን ክፍሎች ያዳርሳል፤ መሃል ላይ ጥቂት ዘግይቶ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። መዘግየቱ ጉድለት አይደለም፤ የታችኞቹ ክፍሎች ከመኮማተራቸው በፊት በደም እንዲሞሉ ጊዜ ይሰጣል።

ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ትንሿ ካሬ 0.04፣ ትልቋ 0.2 ሴኮንድ ናት። ኪውአርኤስ ከሚባለው ከእያንዳንዱ ሹል (የታችኞቹ ክፍሎች ምልክት) በፊት ፒ የምትባል ትንሽ ጉብታ (የላይኞቹ ክፍሎች ምልክት) መኖር አለባት፤ ሊድ 2 በተባለው መስመር ወደ ላይ፣ ኤቪአር በተባለው ወደ ታች (ሊዶች ልብን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳዩ መስመሮች ናቸው)። ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ 300ን በሁለት ሹሎች መካከል ላሉት ትልልቅ ካሬዎች ያካፍሉ፤ 4 ካሬ ከሆነ በደቂቃ 75 ምት ይመጣል። ለአዋቂ በዕረፍት ጊዜ ከ60 እስከ 100 መደበኛ ነው፣ ዘወትር የሚሮጥ ስፖርተኛ ግን ከ60 በታች ቢሆን አያስገርምም። ምቱ ከተዘበራረቀ ይህ ስሌት ያሳስታል፤ በ30 ትልልቅ ካሬ ውስጥ ያሉትን ሹሎች ቆጥሮ በ10 ማባዛት ይሻላል።

የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ከተቀያየረ ሊድ 1 ተገልብጦ ይወጣል። ታማሚው በብርድ ከተንቀጠቀጠም መስመሩ ስለሚርገበገብ ፒን መለየት ያስቸግራል።

ሪትሙ ኖርማል ሆኖም የልብ ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። የደረት ሕመም ያለበት ሰው ወረቀቱ ላይ «ኖርማል ሳይነስ ሪትም» የሚለውን አይቶ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።