ፈጣኑ እጅ ተሸነፈ፦ ስለ ሽጉጥ ስፖርትና ስለ ቀደምት ተኳሾቹ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ካውቦይ ፊልም ያላየ የለም። ሁለት ሰዎች አቧራማ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ዝም ይላሉ። ከዚያ ድው! አክተሩ ሽጉጡን ከወገቡ ከፍ እንኳን ሳያደርግ ተኩሶ ጠላቱን ይጥላል። አክተር ደግሞ አይሞትም፤ ይሄን ሲኒማ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

"ፕራክቲካል ሹቲንግ" ስለሚባለው የሽጉጥ ስፖርት ሲነሳ ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ይሄው ትዕይንት ነው። ስፖርቱን ለማታውቁት፦ ተወዳዳሪው ሽጉጡን ከወገቡ መዞ፣ ከቦታ ቦታ እየሮጠ፣ በየግድግዳውና በየበርሜሉ ጀርባ የቆሙትን ኢላማዎች በሰዓት ይመታል። ኢላማው ካርቶን ወይም ብረት ነው። ጥይቱ ግን እውነተኛ ነው። ስለ ጨዋታውም ስለጀመሩት ሰዎችም ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

"እጁ የፈጠነ ያሸንፋል"

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው እንደዚህ ነበር የሚያስቡት።

ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢግ ቤር የምትባል ተራራማ ከተማ ነው፤ ዘመኑ የ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ። ጄፍ ኩፐር የሚባል የቀድሞ የማሪን መኮንን ሰው አሰባስቦ "ሌዘርስላፕ" የተባለ ውድድር ጀመረ። ሁለት ተኳሾች ጎን ለጎን ይቆማሉ። 7 ያርድ ራቅ ብሎ፣ ስድስት ሜትር ከምናምን መሆኑ ነው፣ ፊኛ ተሰቅሏል። የራሱን ፊኛ ቀድሞ ያፈነዳ ያልፋል። እንዴት እንደሚተኩስ የሚያዘው የለም። በአንድ እጅም በሁለት እጅም፣ ከወገብም ከዓይን ትክክልም፣ እንደፈለገው።

በዚያን ዘመን ሽጉጥ የአንድ እጅ መሣሪያ ነበር። የሚበዛው ሰው እንደ ፊልሙ ከወገቡ ላይ ይለቀዋል። ይፈጥናል፣ አይካድም። ግን ይስታል። ስቶ ይደግማል፣ ደግሞም ይስታል፤ ፊኛው እዚያው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ጃክ ዊቨር የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ ባልደረባ ነበር። የያዘው ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። እሱ ሌላ ነገር ሞከረ። ሽጉጡን እስከ ዓይኑ አነሳው። ግራ እጁን ደርቦ በሁለት እጁ ጨበጠው። በማነጣጠሪያው አየና ተኮሰ። እጁን እስከ ዓይኑ ማንሳቱ ትንሽ ጊዜ ይበላል። ግን በመጀመሪያው ጥይት ይመታል። በ1959 ውድድሩን አሸነፈ። ከወገብ የሚተኩሱት ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ጥይታቸውን ሲያባክኑ የእሱ ፊኛ ፈንድቶ አልቋል።

የእኛ ፉከራ ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል። የሚወደሰው አልሞ ተኳሹ ነው። "ቶሎ ተኩሶ የሳተ" ተብሎ የተፎከረለት ጀግና አልሰማሁም።

"ኩፐር ቁጭ ብሎ አስቦ የፈጠረው ዘዴ ነው"

ኩፐር ትልቅ ሰው ነው። የስፖርቱ አባት ቢባል አይበዛበትም። ግን ዘዴውን እሱ አልፈጠረውም። እሱ ያደረገው፣ ለእኔ ከመፍጠርም ይከብዳል፤ በዓይኑ ያየውን አመነ። ከወገብ መተኮስ ይሻላል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ዊቨር ሲያሸንፍ አይቶ ሐሳቡን ቀየረ። ከዚያም ጻፈው፣ አስተማረው፣ ስሙንም ለባለቤቱ ሰጠው። አቋቋሙ እስከ ዛሬ "የዊቨር አቋቋም" ነው የሚባለው።

በዚያን ጊዜ ከፊት የነበሩት ጥቂት ናቸው፦ ኩፐር፣ ዊቨር፣ ሬይ ቻፕማን፣ ኤልደን ካርል፣ ቴል ሪድ። ቻፕማን የዊቨርን አቋቋም ወስዶ አሻሻለው። ዊቨር ሁለቱንም ክርኖች አጠፍ ያደርጋል፤ ቀኙ ይገፋል፣ ግራው ይስባል። ቻፕማን የቀኝ ክንዱን ቀጥ አድርጎ እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ተጠቀመበት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አላለቀም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ የሚባሉ ሁለት የአሪዞና ወጣቶች መጡ። ደረታቸውን ለኢላማው ሰጥተው፣ ሁለቱንም ክንዶች እኩል ዘርግተው፣ ሁለቱንም አውራ ጣቶች ወደፊት ቀስረው ይተኩሳሉ። ሽጉጡ ሲራገጥ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ሌተም በ1983 ቨርጂኒያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ ውድድር ብትሄዱ የምታዩት ከሞላ ጎደል የእነዚህን ልጆች አቋቋም ነው። ዊቨር ከወገብ ተኳሾቹን እንደጣላቸው፣ የእሱም ዘዴ በተራው ተጣለ።

ኩፐር ይሄኛውን አልወደደውም። ለእሱ ውድድሩ ራስን ለመከላከል የሚሆን ልምምድ ነበር። ልጆቹ ግን ጨዋታ አደረጉት፤ ሽጉጡም እንደ እሽቅድምድም መኪና ተቀየረ። ተቃውሞውን አልደበቀም። በኋላ እንደ እሱ ቅር የተሰኙ ሌሎች በ1996 አይዲፒኤ የሚባል የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ በየቀኑ ሊታጠቁት የሚቻል ዓይነት ሽጉጥ የሚጠይቅ ውድድር ጀመሩ። እኔ ኩፐርን አልፈርድበትም። ግን "እስቲ በውድድር ይታይ" ብሎ በሩን የከፈተው ራሱ ነው።

"ቶሎ የጨረሰ አንደኛ ነው"

አይደለም። ሒሳብ አለው። ያገኘኸውን ነጥብ በወሰደብህ ሰከንድ ታካፍላለህ።

ካርቶኑ ኢላማ በክልል የተከፈለ ነው። መሀሉን የመታ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ወደ ዳር ሲወጣ ይቀንሳል። ጭራሽ ከሳትክ ያ ጥይት ምንም አያስገኝም፤ በዚያ ላይ 10 ነጥብ ይቀነስብሃል። "አትንኩኝ" የሚል ትርጉም ያለው ነጭ ኢላማ አለ፤ እሱን ብትመታም እንደዚያው።

እንበልና 16 ጥይት የሚተኮስበት ዙር ነው። ሙሉው 80 ነጥብ። አንደኛው ሰው ተጠንቅቆ 80ውንም ያገኛል፣ በ10 ሰከንድ። ውጤቱ 8። ሁለተኛው ትንሽ ይፈጥንና 70 ነጥብ በ8 ሰከንድ ያመጣል። 8.75፤ በለጠ። ሦስተኛው እሳት ጎርሶ በ7 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ግን አንድ ጥይት ስቷል። 65 ሰብስቦ 10 ሲቀነስበት 55 ይቀረዋል። ለ7 ሲካፈል 7.86 ነው። ከሁሉም ፈጥኖ መጨረሻ ወጣ። የሳተበትን ባይስት ኖሮ አንደኛ ነበር።

የስፖርቱ መፈክር በላቲን ሦስት ቃል ነው፦ ዲሊጀንሺያ፣ ቪስ፣ ሴለሪታስ። ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ፍጥነት መጨረሻ ላይ መቀመጡን ልብ በሉ።

"ባለ .45 ካልሆነ ሽጉጥ አይባልም"

ይሄ የቀደምቶቹ የራሳቸው እምነት ነበር፤ ኩፐር በተለይ ለ.45፣ ማለትም ውፍረቱ 0.45 ኢንች ለሆነው ትልቅ ጥይት፣ ልቡን የሰጠ ሰው ነው። ደንቡም ለከባድ ጥይት ያደላል፤ ከመሀሉ ቀጥሎ ያለውን ክልል ሲመታ ባለ ከባዱ 4 ሲያገኝ ባለ ቀላሉ 3 ነው። ግን በ1977 የዓለም ሻምፒዮናውን የወሰደው ዴቭ ዌስተርሃውት የያዘው ቀላሉን የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ብራውኒንግ ሽጉጥ ነበር። መሀል መሀሉን ለሚመታ ሰው የጥይቱ ክብደት ብዙም አያስጨንቀውም።

"የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው"

የተወለደው እዚያ ነው፤ ያደገው ግን ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1975 የተካሄደው ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ ነው። አሸናፊው ቻፕማን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ኮሎምቢያ፣ ሚዙሪ ላይ ተሰብስበው አይፕሲክ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያው በ1976 ሳልዝበርግ ላይ ያሸነፈው ያን ፎስ ኖርዌያዊ ነው። የ1977ቱ ውድድር ሳልስበሪ ላይ ነበር፤ የዛሬዋ ሀራሬ። ዌስተርሃውት የዚያው አገር ሰው ነው። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ሮዴሽያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ያኔ በጥቂት ነጮች መንግሥት ሥር ነበረች፣ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተጥሎባት ነበር፣ ጦርነት ላይም ነበረች። ስፖርቱ "የአፍሪካን ምድር የረገጠው ገና ድሮ ነው" ሲባል አፍሪካውያን ሁሉ ተጋብዘው የመጡበት ድግስ አይምሰላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ካራካስም፣ አደሌድም፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ሴቡም አዘጋጅተዋል። ሴቡ ላይ፣ በ1999፣ ኤሪክ ግሮፌል የሚባል የ19 ዓመት ፈረንሳዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ አሸነፈ።

"ሽጉጥ ይዘው እየሮጡ? አንድ ቀን ይተላለቃሉ!"

ይሄን ስጋት እረዳዋለሁ። ሠርግና ጥምቀት ላይ ወደ ሰማይ ሲተኮስ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሜዳው ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንይ።

ተራህ እስኪደርስ ሽጉጥህ ወገብህ ላይ ባዶውን ነው። ጥይት የለበትም፣ ካዝናም አልገባበትም። ዳኛው ሳያዝህ ከማኅደሩ መዘህ ብትነካካው፣ ማንም ሁን ማን፣ ያን ቀን ወደ ቤትህ ነህ። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም።

ተራህ ሲደርስ ዳኛው አጠገብህ ይቆማል፤ እጁ ላይ የተኩስ ድምፅ የሚሰማ ሰዓት ቆጣሪ አለ። "አጉርስና ተዘጋጅ" ይልሃል። ታጎርሳለህ፣ መልሰህ ማኅደሩ ውስጥ ትከተዋለህ። "ዝግጁ ነህ?" ዝም ትላለህ። "ተጠንቀቅ።" ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ጸጥታ። መቼ እንደሚጮህ አይነገርህም። ፒፕ!

አሁን ሩጥ። ግን ስትሮጥ ጣትህ ከቃታው ውጪ መሆኑ መታየት አለበት። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ኢላማዎቹ አቅጣጫ ነው። ካዝና ስትቀይር ወይም ስትዞር አፈሙዙ ከገደቡ አልፎ ወደ ኋላ ቢል፣ ባትተኩስም እንኳ፣ "ቁም!" ትባላለህ። ሽጉጥህ ከእጅህ ቢወድቅም ያው ነው። ዳኛው ኢላማውን ብዙም አያይም። ዓይኑ እጅህ ላይ ነው።

ስትጨርስ ካዝናውን ታወጣለህ፣ የሽጉጡ የጥይት ማጎሪያ ባዶ መሆኑን ለዳኛው ታሳያለህ፣ ወደ ኢላማው አዙረህ ባዶውን ቃታ ትስባለህ፣ ወደ ማኅደሩ ትመልሳለህ። ዳኛው "ሜዳው ነፃ ነው" እስኪል ድረስ ማንም ወደፊት አይራመድም። የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ በአንዲት ስህተት ተባርረው ሻንጣቸውን ይዘው ሄደዋል።

"ሁሉም ወታደርና ፖሊስ ናቸው"

ኩፐርና ዊቨር ነበሩ። ቴል ሪድ ግን በልጅነቱ ሽጉጥ የመምዘዝ ትርኢት ሲያሳይ ያደገ ነው፤ በኋላም ሆሊውድ ውስጥ ለተዋናዮች ሽጉጥ አያያዝ ሲያስተምር ኖረ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በብዛት ሲቪሎች ናቸው። የጥርስ ሐኪም ከመካኒክ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ይመደባል።

"ዕድሜው የገፋ ሰው ለትዝታ ነው የሚመጣው"

በ1999 ጄሪ ሚኩሌክ የሚባል የሉዊዚያና ሰው በስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር 6 ጥይት ተኮሰ፣ እንደገና አጎረሰ፣ ሌላ 6 ተኮሰ። ሁሉም በ2.99 ሰከንድ። "ሦስት" ብላችሁ ሳትጨርሱ ማለት ነው። ያኔ ዕድሜው 45 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሚፈጥነው ጣቱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛዎቹን ስድስት ጥይቶች በአንዴ የሚሰኩት እጆቹ ስንት ሺህ ጊዜ ያንን ደግመውታል!

ዕድሜ የሚጎዳው በቅድሚያ ጉልበትንና ዓይንን ነው። አርባውን ያለፈ ሰው የሽጉጡ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ትደበዝዝበታለች፤ ጋዜጣ ራቅ አድርገን እንደምናነበው ማለት ነው። ለዚህ መላ ያመጣላቸው ያው ኩፐር የተቃወመው የሽጉጥ ለውጥ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽጉጥ ላይ የሚገጠም ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መስታወት መጣ። ተኳሹ ኢላማውን ብቻ ያያል፤ ቀዩ ነጥብ እዚያው ላይ አርፎ ይጠብቀዋል። የዛሬ ሽማግሌዎች መነጽራቸውን ሳይቀያይሩ የሚተኩሱት በዚህ ነው።

ደንቡም ቦታ ሰጥቷቸዋል። ከ50 በላይ ሲኒየር፣ ከ60 በላይ ሱፐር ሲኒየር፣ ከ70 በላይ ግራንድ ሲኒየር ይባላሉ። ሩጫ ላይ ልጆቹ ይቀድሟቸዋል። ግን ሽማግሌው ገና ከመነሳቱ በፊት ሜዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ የት ቆሞ ስንቱን እንደሚመታና የት ላይ ካዝና እንደሚቀይር ጨርሶታል። ልጁ አምስት ቦታ ላይ የሚቆመውን እሱ ሦስት ቦታ ይቆማል።

ውጤቱ ተነቦ ሲያልቅ ደግሞ የቡድኑ ሰው ሁሉ ቡናማ ማጣበቂያ ወረቀት ይዞ ካርቶኖቹ ላይ የተበሳውን ይለጥፋል። ለሚቀጥለው ተኳሽ ነው። ዙሩን ያሸነፈው የ70 ዓመት ሰውም ማጣበቂያውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የታችኛዋን ቀዳዳ ይፈልጋል።